ላስታ በጌም ሰሌዳ ላይ

«ሲቪላይዜሽን 6» በተባለው የኮምፒውተር ጌም ኢትዮጵያን የመረጠ ተጫዋች፣ ካርታው ሲገለጥለት ዓይኑ የሚፈልገው ለም ሜዳ አይደለም። ሌላ አገር የያዘ ሰው ወንዝ ዳር ያለ ሜዳ ሲያጣ ጨዋታውን ዘግቶ እንደገና ይጀምራል። ኢትዮጵያን የያዘው ግን ኮረብታ በኮረብታ ላይ የተደራረበበት፣ ከጀርባው ተራራ የቆመበት አገር ሲደርሰው ፊቱ ይፈካል። የላስታ ገበሬ በሬ ጠምዶ ሲያርሰው ወገቡን የሚቆርጠው ወጣ ገባ መሬት እዚህ ሀብት ነው።

ምክንያቱ አንድ ሕንፃ ነው፤ ውቅር ቤተ ክርስቲያን። ከኢትዮጵያ ተጫዋች በቀር ማንም ሊሠራው አይችልም።

ጌሙን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን «ሲቪላይዜሽን» ሲድ ማየርና ባልደረባው ብሩስ ሼሊ እ.ኤ.አ. በ1991 አወጡት። ስድስተኛው እትም ፋይራክሲስ ጌምስ በተባለው የአሜሪካ ድርጅት ተሠርቶ በ2016 ለገበያ ቀረበ። ጨዋታው እንደ ሰንጠረዥ በተራ የሚሄድ ነው። ተጫዋቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4000 ዓመት ጀምሮ አንድ ሕዝብ ይዞ ይነሣል፤ ከተማ ይቆረቁራል፣ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ይዋጋል፣ ሃይማኖት ያስፋፋል፣ ቀንቶት ከዘለቀ ጠፈር ይደርሳል። ካርታው ባለ ስድስት ጎን በሆኑ ቁራሽ መሬቶች የተከፋፈለ ሲሆን የጨዋታው ጥበብ ሁሉ የቱ ቁራሽ ላይ ምን ይሠራ በሚለው ምርጫ ላይ ያርፋል። አንድ ጊዜ የተጀመረ ጨዋታ ሰዓታት ይበላል። «አንድ ተራ ብቻ ልጨምር» እያለ ሌሊቱን ያጋመሰ ተጫዋች ብዙ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ እትም የገባችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ለብቻው በተሸጠ ተጨማሪ ክፍል ነው። መሪዋ አጼ ምኒልክ ናቸው፤ በጌሙ ውስጥም አማርኛ ይናገራሉ።

የውቅር ቤተ ክርስቲያኑ ሕግ እንዲህ ነው። ሕንፃው የሚቆመው ኮረብታ ላይ ወይም እሳተ ገሞራ በተፋው አፈር ላይ ብቻ ነው። በራሱ አንድ የእምነት ነጥብ ይሰጣል። ከዚያ በዙሪያው ያሉት ስድስት ቁራሽ መሬቶች ይቆጠራሉ፤ ኮረብታ ወይም ተራራ የሆነው እያንዳንዱ ሌላ አንድ ነጥብ ይጨምራል። ስድስቱም ከተገኙ ድምሩ 7 ይሆናል። ሁለት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ግን ጎን ለጎን መቆም አይችሉም። ስለዚህ ተጫዋቹ ጠቋሚውን ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው እያዘዋወረ ያሰላል፦ እዚህ ብሠራ አምስት፣ አንድ እርምጃ ወደ ምሥራቅ ብሄድ ስድስት፤ ነገር ግን ስድስቱን ከወሰድኩ የሚቀጥለው ቤተ ክርስቲያን ቦታ ያጣል። ወስኖ ሲጫን ሠራተኛው ሥራውን ወዲያው ይጨርሳል፤ ኮረብታው ተከፍቶም የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ የሚያስታውስ ሕንፃ ብቅ ይላል።

ይህን ሂሳብ ወደ እውነተኛው ላስታ ብንወስደው ጌሙ አያፍርም። የላስታዋ የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ይወጣል። አብያተ ክርስቲያናቱ የተወቀሩበት ቀይ ድንጋይም ጥንት ከእሳተ ገሞራ የወጣ አለት ነው። ለመፈልፈል ያልጠነከረ፣ ቆሞ ለመቆየት ያልሳሳ በመሆኑ ጠራቢዎቹን ጠቅሟል። የጌሙ ሠሪዎች ኮረብታን ከእሳተ ገሞራ አፈር ጋር ማጣመራቸው ቦታውን በሚገባ ማጥናታቸውን ያሳያል።

ሌላም የገባቸው ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያኑ እምነት ብቻ ሲሰጥ ኖሮ ተጫዋቹ የበረራን ጥበብ ከተማረ በኋላ ጎብኚም መሳብ ይጀምራል። የላሊበላ ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለዘመናት ወደ ላሊበላ የሚመጣው በእግሩና በበቅሎ የሚጓዝ ተሳላሚ ነበር፤ የውጭ አገር ጎብኚ በብዛት መምጣት የያዘው ከአውሮፕላን በኋላ ነው። ዛሬ አብዛኛው የሩቅ እንግዳ ሹምሽሃ አውሮፕላን ማረፊያ አርፎ ከዚያ ሽቅብ በመኪና ወደ ከተማው ይወጣል። በእግሩ የሚመጣው ተሳላሚም አልቀረም፤ በገና ሰሞን ከየአቅጣጫው ይጎርፋል።

የምኒልክ የግል ችሎታ «የሚኒስትሮች ምክር ቤት» ይባላል። ኮረብታ ላይ የተቆረቆሩ ከተሞች ካላቸው እምነት 15 በመቶውን ያህል ሳይንስና ባህል ይጨመርላቸዋል፤ ሠራዊቱም ኮረብታ ላይ ሲዋጋ ጉልበቱ ይበረታል። ስሙ የተወሰደው ንጉሠ ነገሥቱ በ1900 ዓ.ም ካቋቋሙት የመጀመሪያው ካቢኔ ነው። እምነት ወደ ዕውቀት ይለወጣል የሚለው ሕግ ለፈረንጅ ተጫዋች እንግዳ ሊመስለው ይችላል። ፊደል፣ ዳዊት፣ ዜማና ቅኔ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲማሩ ለኖሩ የላስታ ሰዎች ግን የታወቀ ነገር ነው።

ጌሙ የሳተው ዘመኑንና ሰውን ነው። አብያተ ክርስቲያናቱን አሠሩ የሚባሉት ላሊበላ የዛጉዌ ንጉሥ ናቸው፤ የነገሡትም ከ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 13ኛው መጀመሪያ ነው። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሆነው የመጡት ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ቆይተው ነው። ሁለቱን አንድ ሰሌዳ ላይ ማገናኘት ለጨዋታ ይመቻል እንጂ ታሪክ አይደለም። ሠራተኛው ወዲያው የሚጨርሰውንም ሥራ የአገሩ ትውፊት 24 ዓመት ይሰጠዋል፤ ቀን ሰው፣ ሌሊት መላእክት እየሠሩ። እንግሊዛዊው የአርኪዮሎጂ ሊቅ ዴቪድ ፊሊፕሰን ደግሞ አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ንጉሥ ዘመን ሳይሆን በተለያዩ ዘመናት ደረጃ በደረጃ የተሠሩ ናቸው ባይ ነው።

ጉዳትም በጌሙ ቀላል ነው። የተፈጥሮ አደጋ ውቅር ቤተ ክርስቲያኑን ያበላሸዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ሠራተኛ ልኮ ማስጠገን ይበቃል። በእውነተኛው ላሊበላ ዝናብ አለቱን እየሸረሸረ፣ ስንጥቁን እያሰፋ ኖሯል፤ ጥገናውም ራሱ ጥገና የሚያስፈልገው ሆኖ ያውቃል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመራው ቡድን ሥራ፣ ቀደም ሲል ለመከላከያ ተብሎ የተቀባውን ሬንጅ ማስለቀቅን ይጨምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተተከሉት ትላልቅ መጠለያዎችም ዝናቡን ቢመልሱም ክብደታቸው ካህናቱንና ነዋሪውን ሲያሳስብ ቆይቷል።

ኢትዮጵያ በጌም ዓለም ስትታይ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የአራተኛው «ሲቪላይዜሽን» ተጨማሪ ክፍል አጼ ዘርዓ ያዕቆብን መሪ አድርጎ አቀረባት፤ በ2012 የአምስተኛው ተጨማሪ ክፍል ደግሞ አጼ ኃይለ ሥላሴን አምጥቶ ልዩ ችሎታዋን «የአድዋ መንፈስ» ብሎ ሰየመው። በ2015 «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» ሾተል የታጠቁ ተዋጊዎችን ሰጥቷት የዮዲትን ታሪክ ባለ ብዙ ምዕራፍ ዘመቻ አደረገው። ከእነዚህ ሁሉ የላስታን መልክዓ ምድር የአሸናፊነት ቁልፍ ያደረገው ግን ስድስተኛው «ሲቪላይዜሽን» ነው።

ቅርጻ ቅርጽ መሰብሰብ የሚወድ ሰው ደግሞ እዚሁ ጌም ውስጥ የልቡን ያገኛል። ጨዋታው ወደ ዘመናችን ሲቃረብ ካርታው ላይ የጥንት ቅሪት ያለባቸው ቦታዎች ብቅ ብቅ ይላሉ። ተጫዋቹ አርኪዮሎጂስት ልኮ ያስቆፍራል፣ የተገኘውን ወደ ሙዚየሙ ያስገባል። ሙዚየሙ የሚይዘው ሦስት ቅርስ ነው። ሦስቱ የአንድ ዘመን ሆነው ከተለያዩ አገሮች ከመጡ ጥቅማቸው እጥፍ ይሆናል። አንድ የጎደለችውን ለማግኘት ተጫዋቹ ከጎረቤት ጋር ቅርስ ይለዋወጣል፣ ይለማመጣል፣ ድንበር እንዲከፈትለት ይዋዋላል። የኢትዮጵያ ተጫዋች ሙዚየሙንም አርኪዮሎጂስቱንም በእምነት ነጥብ መግዛት ስለሚችል ከሁሉም ይቀድማል። ይህ ሙዚየም የመሙላት ውድድር ከጦርነቱ ይልቅ የሚጥማቸው ተጫዋቾች አሉ።

በእውነቱ ዓለም የላስታ ሰዎች በመሰብሰብ ሱስ ተጎድተዋል። የላሊበላው ቤተ መድኃኔ ዓለም ንብረት የሆነው፣ 7 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው አፍሮ አይገባ የተባለ የወርቅ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ አንድ ቤልጅየማዊ ሰብሳቢ እጅ ገባ። ሕዝቡ ሐዘን ተቀመጠ፤ መስቀሉ ወደ ቦታው የተመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው። በጌሙ ውስጥ ቅርስ ከአገሩ ሲወጣ የሚያለቅስ ሰው የለም።

በላሊበላ ሱቆች የሚሸጠው ሌላ ነው። በእጅ የሚያዝ፣ ከድንጋይ ወይም ከእንጨት የተጠረበ ትንሽ ቤተ ጊዮርጊስ፣ የላሊበላን መስቀል የሚመስል አንገት ላይ የሚንጠለጠል መስቀል፣ የቅዱሳን ሥዕል ያለበት ተከፋች ሰሌዳ። ጠራቢው ድንጋዩን እንደ አባቶቹ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከአራቱም ጎን እያገላበጠ ይሠራዋል። ጣሪያው ላይ ያሉት አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹ ሦስት መስቀሎች ጥርት ብለው ከወጡ ሥራው ጥሩ ነው። ሰብሳቢ ለመሆን የተነሣ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበትም እዚያ ላይ ነው።

ወደ ጌም ዓለም ስንመለስ፣ ለመጫወት ውድ ኮምፒውተር የግድ አይደለም። በኢትዮጵያ ከተሞች ወጣቱ በሰዓት እየከፈለ ፕሌይስቴሽን ቤት እግር ኳስ ይጫወታል፤ ገንዘብ ሲያጥር መንገድ ዳር ጆተኒ አለ። ገበጣ ደግሞ ጠጠርና ጉድጓድ ብቻ ይፈልጋል። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ ገበጣን ወደ ስልክ አምጥቶታል፤ «ኩኩሉ» የተባለው ጌሙም ከአሳዳጅዋ የምታመልጥ ዶሮን ያስሮጣል። የአገር ልጆች የሠሩትን መጫወት የሚፈልግ ከእነዚህ ሊጀምር ይችላል።

«ሲቪላይዜሽን 6» ለላስታ ጥሩ መግቢያ ነው። መሬቱን በትክክል አይቶታል፤ የሚዘምረውን፣ የሚሳለመውንና የሚጠግነውን ሰው ግን አላየውም። ያንን ለማየት የሚሻ ሰው ለገና፣ ታኅሣሥ 29፣ ላሊበላ ይገኝ፤ በቤተ ማርያም አጸድ ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ አለቱ ጠርዝ ላይ፣ ግማሾቹ ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ»ን ሲያሸበሽቡ ይደርሳል። ሲመለስ ከሱቅ ቅርጽ የሚገዛ ከሆነም አዲስ የተሠራ መሆኑን ይጠይቅ፤ አሮጌ መስቀልና ብራና በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።