የጡረታ ስጦታና የቀጥቃጩ ክብር

አንድ ሰው ሠላሳና አርባ ዓመት ካገለገለበት መሥሪያ ቤት በጡረታ ሲሰናበት ምን ቢበረከትለት ይገባል? በእኛ ዘንድ የተለመደው የግድግዳ ሰዓት፣ ጋቢ ወይም የምስጋና ወረቀት ነው። በሰሜን አውሮፓ በምትገኘው ፊንላንድ ግን ለጡረተኛ ከሚሰጡት የክብር ስጦታዎች አንዱ በእጅ የተሠራ የአዳኝ ቢላዋ ነው፤ «ፑኮ» ይሉታል።

ነገሩ ለጆሮ እንግዳ ይመስላል። በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ቢላዋ መስጠት ወዳጅነትን ይቆርጣል ብለው የሚፈሩ ሰዎች ስላሉ፣ ተቀባዩ አንዲት ሳንቲም ሰጥቶ የገዛው ያስመስላል። ኢስላም እንዲህ ባለ መጥፎ ገድ ማመንን ከልክሏል። በፊንላንዳውያን ዘንድ ደግሞ ፑኮ መስጠት የአክብሮትና የአመኔታ ምልክት ነው።

በዚህ ሙያ ከታወቁት ስፍራዎች አንዷ በምዕራብ ፊንላንድ የምትገኘው ካውሃቫ ናት። ባለሙያው አረብ ብረቱን በእሳት አግሎ በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል። ቅርጹን ከያዘ በኋላ እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አግሎ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። ብረቱ በዚህ ጊዜ እጅግ ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ መስታወት ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ እንደገና በ200 ዲግሪ ገደማ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ያን ጊዜ ስለቱም ይጸናል፣ ስብራትም አያሰጋውም። እጀታው ከእንጨት ወይም ከቀንድ፣ አፎቱ ከቆዳ ይሠራል። የተቀባዩ ስምና የስንብቱ ዕለት ይቀረጽበታል።

ይህ ስጦታ ለጡረተኛው የሚያስተላልፈው መልእክት አለው። ሰዓት ያለፈውን ጊዜ ያስቆጥራል፤ ቢላዋ ግን «እጅህ ገና ሥራ አለው» ይለዋል። ጫካ ወርዶ ያድንበታል፣ ዓሣ ያርድበታል፣ ለልጅ ልጁ እንጨት ይጠርብበታል። ከቤት ውሎ «ማን ይፈልገኛል?» ለሚል አባት ከዚህ የበለጠ ምን ማጽናኛ አለ?

ሌላም ትምህርት አለው። እነርሱ ለታላቅ ሰው ክብር ሲሹ የቀጥቃጭን እጅ ሥራ ይመርጣሉ። እኛስ? በቀጥቃጭ ማረሻ አርሰን፣ በቀጥቃጭ ቢላዋ አርደን በልተን፣ ሰውየውን «ቡዳ» እያልን ስናርቀው ኖረናል። የአባቱን ሙያ ከጓደኞቹ የሚደብቅ ወጣት ዛሬም የለምን? ቅዱስ ቁርኣን ግን አላህ ለነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረትን እንዳለዘበላቸውና ጥሩር እንዲሠሩ እንዳዘዛቸው ይነግረናል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ዳውድ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር አስተምረውናል። እንስሳው እንዳይሠቃይም አራጅ ቢላዋውን እንዲስል አዘዋል፤ ያ ስለት የማን ልፋት ነው?

እንግዲህ ወላጆች ሆይ! ለሚሰናበተው ታላቃችን ስጦታ ስናስብ፣ ከሱቅ ከሚገዛ ብልጭልጭ ዕቃ ይልቅ የሰፈራችንን ባለሙያ እናሠራ። ባለሙያውንም በስሙ ጠርተን፣ ዋጋውን ሳናጓድል ከፍለን፣ በስንብቱ ማዕድ ላይ አብረን እናስቀምጠው። በአንድ ስጦታ ሁለት እጆች ይከበራሉ፤ የሠራተኛውም፣ የሠሪውም።