ሦስቴ ተመርጦ አንዴ የተቀመጠው

ጃንዋሪ 10 ቀን 1966 አትላንታ ውስጥ የጆርጂያ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ቆመው፣ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ አንድ ሰው ብቻ ከወንበሩ አልተነሣም። አትነሣ ተብሎ ነው። ዕድሜው 25 ነበር፤ የመረጠው ሕዝብ ከመቶ ሰማንያ ሁለቱን ድምፅ ሰጥቶታል። በዚያው ቀን ምክር ቤቱ 184 ለ 12 በሆነ ድምፅ ‘ይሄ ሰው ከእኛ ጋር አይቀመጥም’ ብሎ ወሰነ። ጁልያን ቦንድ ይባላል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

አትላንታና አካባቢዋ ያለን አበሾች ዶክተር ኪንግን እናውቃለን፤ ጆን ሉዊስንም እናውቃለን፤ የአውሮፕላን ማረፊያው ስም ላይ ያሉትን ከንቲባዎችም እንጠራለን። ቦንድን የሚያውቅ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። እኔ ራሴ ስሙን የሰማሁት ከካፒቶሉ፣ ማለትም ወርቅ ከተቀባው የምክር ቤት ጉልላት፣ ብዙም በማይርቅ ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ስሠራ ነው። ሥራው ረጅም መቀመጥ አለው፤ ለማንበብ ይመቻል።

ፓርኪንጉ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ይከርምና ጃንዋሪ ሁለተኛው ሰኞ ሲደርስ ይሞላል። የጆርጂያ ምክር ቤት የሚከፈተው ያን ቀን ነው። በዓመት 40 የሥራ ቀን ብቻ ነው የሚሰበሰበው፤ ቀኖቹን እያራራቁ እስከ ማርች መጨረሻ ወይም እስከ ኤፕሪል መግቢያ ያዳርሷቸዋል። ከመኪናው የሚወርደው ተወካይ በሙያው ጠበቃ ነው፣ ገበሬ ነው፣ የኢንሹራንስ ወኪል ነው፣ ፋርማሲስት ነው። የተወካይነቱ ደመወዝ ለብዙ ዓመታት በዓመት 17 ሺህ ዶላር አካባቢ ስለነበር በእሱ ብቻ የሚኖር አልነበረም። ግን እነዚህ ሰዎች ናቸው የመንጃ ፈቃድ ሕጉን፣ የመኪና ኢንሹራንስ ግዴታውን፣ የትምህርት ቤቱን በጀት፣ የቤት አከራይና የተከራይን መብት፣ የፖሊሱን ሥልጣን የሚወስኑት። ዋሽንግተን በቴሌቪዥን ትታያለች፤ የእኛ የስደተኞች የዕለት ኑሮ ግን አብዛኛው ጉዳዩ የሚቆረጠው እዚህ ነው። ሁለት ቤት አላቸው፤ ዛሬ 180 ተወካዮችና 56 ሴናተሮች አሉ፤ ሁሉም በየሁለት ዓመቱ ይመረጣሉ።

ወደ ቦንድ ልመለስ። የተወለደው በ1940 ናሽቪል፣ ቴነሲ ነው። አያቱ በባርነት ተወልደው ኮሌጅ የጨረሱ ሰው ነበሩ፤ አባቱ ሆራስ ማን ቦንድ ደግሞ ፔንስልቬንያ ያለው የሊንከን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት። ልጁ በመጻሕፍት መሀል አድጎ፣ ኩዌከሮች በሚያስተዳድሩት አዳሪ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ አትላንታ ሞርሃውስ ኮሌጅ ገባ። እዚያ ዶክተር ኪንግ ካስተማሯቸው ጥቂት ተማሪዎች አንዱ ሆነ። በ1960 ጥቁር በማይስተናገድባቸው የምግብ ቤቶች ገብተው ከሚቀመጡት ተማሪዎች ጋር የአትላንታው ማዘጋጃ ቤት ካፍቴሪያ ውስጥ ተያዘ። በዚያው ዓመት ‘ስኒክ’ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የተማሪዎች የትግል ኮሚቴ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነና የሕዝብ ግንኙነቱን ያዘ። መግለጫ መጻፍ፣ ለጋዜጦች መደወል፣ የታሠረና የተደበደበ ሰው ስም በትክክል መያዙን ማረጋገጥ፤ ሥራው ይህ ነበር። ዲግሪውን አቋርጦ ነው የገባበት፤ ተመልሶ የጨረሰው በ1971 ነው።

እንዲህ ያለ ልጅ እንዴት ለጆርጂያ ምክር ቤት ይወዳደራል? ነገሩ ካርታ ነው። እስከ ስልሳዎቹ አጋማሽ ድረስ ጆርጂያ ያሏት 159 ካውንቲዎች እያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ ተወካይ ነበራቸው። አትላንታን የያዘው ፉልተን ካውንቲ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዞ ሦስት ወንበር፣ ሁለት ሺህ ሰው የማይሞላው ኤኮልስ ካውንቲ አንድ ወንበር። የገጠር ነጭ ከተማውን ሁሉ ተጭኖት ይኖር ነበር ማለት ነው። በ1964 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የምክር ቤት ወንበር በሕዝብ ብዛት ይከፋፈል ብሎ ወሰነ። ጆርጂያም ሳትወድ በግድ መስመሯን አሠመረች፤ አትላንታ ውስጥ አዳዲስ ክልሎች ተፈጠሩ። ከእነሱ አንዱ፣ 136ኛው፣ ቫይን ሲቲ የሚባለውን የድሆች ሰፈር ይዞ ነበር።

የስኒክ ጓደኞቹ ተወዳደር አሉት፤ እሱም በየቤቱ እያንኳኳ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። የምርጫ መድረኩ ላይ የሰዓት ዝቅተኛ ደመወዝ 2 ዶላር ይሁን የሚል ነበረበት። አሸነፈ።

ወንበሩን ከመያዙ በፊት ግን ሌላ ነገር መጣ። ጃንዋሪ 3 ቀን 1966 ሳሚ ያንግ የተባለ ከባሕር ኃይል የተመለሰ ወጣት ጥቁር ተማሪ፣ አላባማ ቱስኪጊ ውስጥ አንድ ነዳጅ ማደያ የነጮችን መጸዳጃ ልጠቀም በማለቱ ተተኩሶበት ሞተ። ከሦስት ቀን በኋላ ስኒክ የቬትናምን ጦርነት የሚቃወም መግለጫ አወጣ፤ መንግሥት ስለ ነጻነት የሚናገረው እውነት አይደለም፣ ለግዳጅ ውትድርና እምቢ የሚሉትንም እንደግፋለን የሚል። ቦንድ መግለጫውን አልጻፈውም። አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ደውሎ ትስማማበታለህ ወይ ሲለው ግን እስማማለሁ አለ። የውትድርና ካርዳቸውን የሚያቃጥሉትን ድፍረታቸውን አደንቃለሁ፣ ራሴ ግን አላቃጥልም ብሎም ተናገረ፤ በኋላ ሲጠይቁት ካርዱ ኪሱ ውስጥ እንዳለ፣ ከፈለጉም አውጥቶ እንደሚያሳያቸው ነገራቸው። አልበቃቸውም። ሕገ መንግሥቱን እጠብቃለሁ ብሎ ቢምልም ከልቡ ሊሆን አይችልም አሉ። ሌላውን በአፉ ቃል፣ እሱን በልቡ ሐሳብ መዘኑት ማለት ነው።

ዶክተር ኪንግ መኖሪያቸው ቫይን ሲቲ ስለነበር ቦንድ የእሳቸውም ተወካይ ነበር። ሰልፍ መርተው ወደ ካፒቶሉ ወጡ፤ ቦንድ ምክር ቤቱን ሲከስም እንደ አንድ የክልሉ መራጭ ስማቸውን ክሱ ውስጥ አስገቡ። የጆርጂያው ፌዴራል ፍርድ ቤት 2 ለ 1 በሆነ ድምፅ ለምክር ቤቱ ፈረደ። በፌብሯሪ 1966 የማሟያ ምርጫ ተደረገና ሕዝቡ መልሶ ቦንድን መረጠ፤ አሁንም አላስገቡትም። በኖቬምበር ሦስተኛ ጊዜ መረጠው። ዲሴምበር 5 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ለቦንድ ፈረደ። ውሳኔውን የጻፉት ዋናው ዳኛ ኧርል ዋረን ናቸው። ፍሬ ነገሩ፦ ምክር ቤት የአባሉን መሐላ ልባዊነት ልመርምር ብሎ አስተያየቱን የማይወደውን ሰው ማገድ አይችልም፤ የሕዝብ ተወካይ ደግሞ በፖሊሲ ጉዳይ ሐሳቡን ለመግለጽ ሰፊ ነጻነት ሊኖረው ይገባል የሚል ነው።

መዝገቡ ‘ቦንድ በፍሎይድ ላይ’ ይባላል። ፍሎይድ ከተከሳሾቹ የምክር ቤት አባላት አንዱ፣ ጄምስ ፍሎይድ ነው። ዛሬ ከካፒቶሉ ማዶ ያሉት መንትያ የመንግሥት ሕንጻዎች በእሱ ስም ይጠራሉ፤ እኔም ስንት ጊዜ በሥራቸው አልፌያለሁ። ካፒቶሉ ግቢ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ቆሟል፦ በ1868 በቀለማቸው ምክንያት ከዚሁ ምክር ቤት ለተባረሩት ጥቁር አባላት የተሠራ ሐውልት። ያን ጊዜም የመለሳቸው የፌዴራል መንግሥት ነበር። ስለዚህ በቦንድ ላይ የደረሰው ለጆርጂያ አዲስ አልነበረም፤ መቶ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ልማድ ነው።

ቦንድ ጃንዋሪ 1967 ማለና ተቀመጠ። ያ ስብሰባ የመጀመሪያ ሥራው ምን እንደነበር ሳነብ ሳቄ መጣ። ለአገረ ገዥነት ከተወዳደሩት ማንም ከግማሽ በላይ ድምፅ ስላላገኘ ምርጫው ለምክር ቤቱ ወድቆ ነበር፤ ምክር ቤቱም ሌስተር ማዶክስን መረጠ። ማዶክስ ጥቁር ደንበኛ ከምግብ ቤቱ በሽጉጥና በመጥረቢያ እጀታ በማባረሩ የታወቀ ሰው ነው። ቦንድን ‘ሕግ አያከብርም’ ብለው ለአንድ ዓመት በር የዘጉበት ሰዎች ናቸው ያነገሡት።

በ1968 ሁለቱ ቺካጎ ላይ ተገናኙ። የዴሞክራቶች ጉባኤ ላይ የማዶክስን የጆርጂያ ልዑካን የሚገዳደር ሌላ ቡድን ቦንድ ይዞ ሄደ፤ ጉባኤው ወንበሩን ለሁለት ከፈለላቸው። እዚያው አዳራሽ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ስሙ ተጠራ፤ ዕድሜው 28 ነበርና፣ ሕገ መንግሥቱ 35 ስለሚል አመስግኖ ወጣ። አገር አወቀው። በ1977 ደግሞ ሴናተር ሳለ ‘ሳተርደይ ናይት ላይቭ’ የተባለውን የቅዳሜ ማታ የቀልድ ትርኢት አስተናግዷል።

ግን ዝናው አንድ ነገር፣ ወንበሩ ሌላ ነገር ነው። በተወካዮች ምክር ቤት አራት ዘመን፣ ከ1975 ጀምሮ ደግሞ በሴኔት ስድስት ዘመን፣ በድምሩ ሃያ ዓመት ተቀምጧል። መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ ባልደረቦቹ አያነጋግሩትም ነበር፤ የማያነጋግሩት ሰው ያመጣው ረቂቅ ሕግ ደግሞ ኮሚቴ ውስጥ ተኝቶ ይሞታል። የምክር ቤት ሕይወት ውስጥ ከንግግር በላይ የሚቆጠረው ይሄ ነው፤ ማን ካንተ ጋር ቡና ይጠጣል? ኑሮውን የሚደጉመው በየዩኒቨርሲቲው ንግግር እያደረገ ስለነበር ተቺዎቹ ‘ወንበሩ ላይ አይገኝም፣ ወረቀት ሥራ አይወድም’ ይሉት ነበር። ከፊሉ እውነት ይመስለኛል። በሌላ በኩል፣ ጥቁሮችን የሚያጠቃው ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታ ምርመራ እንዲስፋፋ የሠራ፣ የምክር ቤቱን ጥቁር አባላት ወደ አንድ ቡድን ካደራጁት አንዱ የሆነም እሱ ነው።

ትልቁ ሥራው የመጣው በ1981 ነው፤ እንደገና ካርታ። የሕዝብ ቆጠራ ካለቀ በኋላ ለዋሽንግተኑ ኮንግረስ የሚላኩትን ተወካዮች ክልል የሚያሠምረው የስቴቱ ምክር ቤት ነው። ቦንድ አትላንታን የያዘው 5ኛው ክልል ከመቶ 69 ያህሉ ጥቁር ይሁን የሚል ረቂቅ አቀረበ። ሴኔቱ ውስጥ አጋሮቹ እነማን ሆኑ? ሪፐብሊካኖች። ጥቁሮቹ አንድ ክልል ውስጥ ቢሰበሰቡ በዙሪያው ያሉት ክልሎች ለእነሱ ይቀናቸዋላ! እሱም ያውቃል፣ እነሱም ያውቃሉ፤ እያወቁ ተባበሩ። ሴኔቱ አሳለፈው፤ ተወካዮች ምክር ቤት እምቢ ብሎ ጥቁሩን ወደ 57 ከመቶ ዝቅ የሚያደርግ ካርታ አወጣ። ጉዳዩ ዋሽንግተን ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ዳኞቹ በ1982 ካርታው የተሠራው ለማግለል ታስቦ ነው ብለው ጣሉት። በኋላ የወጣው ካርታ 65 ከመቶ ያህል ጥቁር ሆነ።

በ1986 የዚህ 5ኛው ክልል የኮንግረስ ወንበር ክፍት ሆነ። ቦንድ የሴኔት ወንበሩን ትቶ ተወዳደረ። ከፊቱ የቆመው ጆን ሉዊስ ነው፤ ከስኒክ ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ ወዳጁ። በመጀመሪያው ዙር ቦንድ 47፣ ሉዊስ 35 ከመቶ አገኙ። ለሁለተኛው ዙር ሲፋጠጡ ሉዊስ ‘አደንዛዥ ዕፅ አለመውሰዳችንን በምርመራ እናሳይ’ ብሎ ፈተነው፤ ቦንድ እምቢ አለ፤ ነገሩ መረረ። ሉዊስ 52 ለ 48 አሸነፈ። ድምፁን ሲቆጥሩት፣ ከጥቁሮቹ መራጮች አብዛኞቹ ለቦንድ ነበር የሰጡት፤ ሉዊስን ያሻገሩት ነጮቹ ናቸው። ጥቁሮች የሚወስኑበት ክልል ይሁን ብሎ ሁለት ዓመት የተሟገተበትን ክልል ነጮቹ ወሰኑበት።

ጓደኞቼ ጋር ይህን ሳነሣ ‘አበላሸው፣ ሴኔቱ ውስጥ ቢቀመጥ ኖሮ’ የሚል አይጠፋም። እኔ አይመስለኝም። ካርታውን የሠራ ሰው ወንበሩ የእኔ ነው ቢል ኖሮ፣ ከእነዚያ ከ184ቱ በምን ይለይ ነበር? ሉዊስ ወንበሩን እስከ ሞተበት እስከ 2020 ያዘው።

ቦንድ ከዚያ በኋላ ለምርጫ አልቀረበም። በ1987 በቴሌቪዥን የቀረበውን ‘አይዝ ኦን ዘ ፕራይዝ’ የተባለውን የሲቪል መብት ትግል ዘጋቢ ፊልም የተረከው ድምፅ የእሱ ነው። ከ1998 እስከ 2010 አንጋፋውን የጥቁሮች መብት ማኅበር፣ ኤን ዶብል ኤ ሲ ፒን፣ በቦርድ ሊቀመንበርነት መራ። ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የዚያኑ ትግል ታሪክ አስተማረ፤ በ2015 በ75 ዓመቱ አረፈ። ከልጆቹ አንዱ ማይክል ጁልያን ቦንድ የአትላንታ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመርጧል።

ካርታው ግን አላረፈም። በ2023 አንድ የፌዴራል ዳኛ የጆርጂያ የምርጫ ክልሎች የጥቁሮችን ድምፅ ያዳክማሉ ብለው ስለፈረዱ፣ ምክር ቤቱ በዓመቱ መጨረሻ ከጃንዋሪው ውጭ ልዩ ስብሰባ ተጠርቶ መስመሩን እንደገና አሠመረ።