የጾም ሽሮና የእመቤቶች ጥንቃቄ

የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲገባ ከምድጃችን የማይታጣው ሽሮ ነው፤ ባልትናውም ቀላል ነው። ነገር ግን ጓያ ርካሽ ነው ብለን ለወራት ዕለት ዕለት ብንመገበው እግርን ያሽመደምዳል፤ ጉዳቱም በሕክምና አይመለስም። ስለዚህ ሽሮአችንን ከአተር፥ ከባቄላና ከሽምብራ እናዘጋጅ። ዱቄቱን ከመግዛትም ፍሬውን አይቶ መግዛት ይሻላል፤ የጓያ ፍሬ ማዕዘናም ነው እንጂ እንደ አተር ድቡልቡል አይደለምና። ከጓያ በቀር ሌላ ያጣን እንደ ሆነ ግን፥ በብዙ ውሃ ዘፍዝፈን እናሳድረው፤ ውሃውንም ደጋግመን እንድፋ። ከዚያ አድርቀን፥ ቆልተንና ከክተን ከሌላ እህል ጋር እናስፈጨው። ይህም መርዙን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። ጾም ሥጋን ለመግራት የተሠራ ነው እንጂ የልጆቻችንን አካል ለማጉደል አይደለም።