ፋውንዴሽኖችና የሐዋሳ ጥበብ

የአሜሪካው ተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤይድ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ከተዘጋ ወዲህ፣ እንደ ሐዋሳ ባሉ ከተሞች የግል ፋውንዴሽኖች ድርሻ ምን ያህል ነው የሚለው ጥያቄ ክብደት አግኝቷል። ፋውንዴሽን ገንዘቡን የሚያገኘው ከባለሀብት ወይም ከኩባንያ ሲሆን፣ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው የራሱ ቦርድ ነው። ብዙዎቹ ዋናውን ገንዘብ ሳይነኩ ከትርፉ ይለግሳሉ። አሠራሩ ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ ከተሰጠ ንብረት ገቢ የሚተዳደሩት የሐረር ወቅፍም የገዳማት ጉልትም የዚህ ዘመዶች ናቸው። በ1950ዎቹ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት አፈወርቅ ተክሌንና ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ሸልሟል። ለጥበብ ተብሎ ብቻ የሚሰጥ ገንዘብ ከዚያ ወዲህ ብርቅ ነው።

ማኅበራዊው ዘርፍ ይሻላል። ማስተርካርድ ፋውንዴሽን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. 10 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ሥራ እንዲያገኙ የማገዝ ውጥን ይዟል። ፓካርድ ፋውንዴሽን በሥነ ተዋልዶ ጤና በኩል ገብቶ ሕዝብንና አካባቢን ያጣመሩ ሥራዎችን ደግፏል። አካባቢ ለብቻው ሲቀርብ ግን ለጋሽ ይሳሳል። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ ስለሌለው በጥቁር ውኃ የሚገባው ደለል እዚያው ይከማቻል። ደለሉን መግታት የትውልድ ሥራ ነው፤ የፋውንዴሽን ውል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ዓመታት አያልፍም።

ጥበብ በሐዋሳ የገባችው በጤና በር ነው። ዋን ላቭ የተባለው የታዳጊዎች ቲያትር ሰርከስን፣ ዘፈንንና ድራማን ቀላቅሎ ስለ ኤችአይቪ ያስተምር ነበር። ሰርከሱን ሊያይ የቆመ ሕዝብ መልእክቱንም ሰምቶ ይሄዳል። በለጋሽ ሰነድ ላይ ግን የሚቆጠረው ትምህርቱን ያገኘው ሰው እንጂ የትርኢቱ ውበት አይደለም።

ጥበብን የያዛት የለጋሽ ሰነድ ብቻ ሳይሆን ሕጉም ነበር። ስለ በጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ሲነሳ በብዛት የሚወራው፣ ከ10 በመቶ በላይ ገቢውን ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ መከልከሉ ነው። ጥበብን ይበልጥ ያነቀው ግን 70/30 የተባለው ድንጋጌ ነበር። የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ በመመሪያው ደግሞ ብዙው የሥልጠና፣ የአበልና የጉዞ ወጪ አስተዳደር ተባለ። ጉድጓድ የሚቆፍር ድርጅት ቧንቧና ሲሚንቶ ይቆጥራል። የቲያትር ቡድን ግን ሰውና የመኪና ኪራይ እንጂ ሌላ ምን ወጪ አለው?

ይህን አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ቢያወርድም፣ የአስተዳደር ወጪ የሚለው ከፕሮጀክት ጋር የማይገናኘውን ብቻ ነው። ድርጅቶች ነግደው ገቢ እንዲያገኙም ፈቅዷል። ስለዚህ የሐዋሳ ቲያትረኛ ዛሬ ገንዘብ ቢያጣ ዋናው ጥፋት የሕጉ ሳይሆን፣ ለቲያትር ብለው የሚለግሱ ፋውንዴሽኖች ማነሳቸው ነው።