የኒውክሌር ቆሻሻ በመስተዋት ሲታሸግ ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጥር ሥር በየዕለቱ የሚያልፍ የልደታ ነጋዴ ስለ ኒውክሌር ቆሻሻ ቢጠየቅ “እኛን ምን አገባን?” ማለቱ አይቀርም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1997 በዚሁ ሆስፒታል የካንሰር የጨረር ሕክምና የተጀመረው ኮባልት-60 በተባለ ጨረር አመንጪ ነበር። የኮባልት ጉልበት በየ5 ዓመት ከ3 ወሩ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ለሕክምና ሳይበቃ ሲቀርም አደገኛነቱ አያበቃም። ሲገዛ ማስወገጃው አብሮ መታሰብ ያለበት ዕቃ ነው ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ሒሳቡ ሊገዝፍ ይችላል። መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያና የሩሲያው ሮሳቶም የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ግንባታን የሚመለከት የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ተፈራርመዋል። ስለ ሲሚንቶውና ስለ ብረቱ ማስላት የነጋዴ ወግ ነው። ነዳጁ አገልግሎቱን ሲጨርስ የት ያርፋል የሚለውም አብሮ ሊሰላ ይገባል።

ለመሆኑ ሌሎች ምን ያደርጋሉ? በፈረንሳይ የላ ሃግ ፋብሪካ ያገለገለው ነዳጅ በአሲድ ይሟሟል። 96 በመቶ ገደማ የሚሆነው ዩራኒየምና ፕሉቶኒየም ተለይቶ ይወጣል። የሚተርፈው 4 በመቶ ገደማ ግን እጅግ አደገኛ ነው። ፈሳሹ ደርቆ ዱቄት ከሆነ በኋላ ከመስተዋት ፍርፋሪ ጋር በ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጥና በማይዝግ ብረት ዕቃ ውስጥ ይረጋል። አንዱ ዕቃ 400 ኪሎ ግራም ያህል መስተዋት ይይዛል።

መስተዋቱ ቦሮሲሊኬት ይባላል፤ እሳት ከሚችለው የወጥ ቤት ሳህን ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ቆሻሻው በጠርሙስ እንደተሞላ ውኃ አይደለም፤ የመስተዋቱ አካል ሆኗልና ቢሰነጠቅ እንኳ አይፈስም። ጨረሩ ግን አይጠፋም። ለአሥርተ ዓመታት እየቀዘቀዘ ይጠበቃል፤ በመጨረሻም ጥልቅ ጉድጓድ ይፈልጋል።

የገበያው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ፈረንሳይ የባዕድ ቆሻሻ በአገሯ እንዳይቀር በሕግ ከልክላለች። ነዳጁን ልኮ ያስጣራ ደንበኛ መስተዋቱን መልሶ ይረከባል። ጃፓን የመጀመሪያዎቹን 28 ዕቃዎች እ.ኤ.አ. በ1995 በመርከብ ተረክባለች።

ስለዚህ ውሉ ሲጻፍ ሦስት ነገሮች መለየት አለባቸው፦ ያገለገለውን ነዳጅ ሻጩ ይወስዳል ወይ? ከወሰደስ ቆሻሻው ተመልሶ ይመጣል ወይ? የማከማቻው ወጪ በመብራት ታሪፉ ላይ ይታከላል ወይስ ከመንግሥት ካዝና ይወጣል? በኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ተማምኖ ፋብሪካ ሊተክል የሚያስብ ባለሀብት መልሱን ቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።