ገንዘቡ ከዝናቡ ጋር ሲመጣ

የምነግራችሁ በሻይ ሰዓት የሚወራውን ነው። የምሠራበትን ዩኒቨርሲቲ ስም አትጠይቁኝ፤ ፕሮፖዛል በሚያልፍበት ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጥኩ ብቻ ያዙልኝ።

ለልማት የሚጠቅም የጥምር ምርምር ጥሪ ሲወጣ ቅድመ ሁኔታ አለው። ቡድኑ ከሦስት ትምህርት ክፍሎች ያላነሰ ይሁን፣ ሴት ተመራማሪም ትኑርበት ይላል። ሐሳቡ ሸጋ ነው፤ ቅጹ የሚሞላው ግን በስልክ ነው። «ዶክተር፣ ስምህን ላስገባው?» «ስለ ምንድን ነው?» «ስለ ፑኝዶ፤ ስደተኛና አስተናጋጅ ማኅበረሰብ፣ ኑሮ ማሻሻያ ምናምን።» «አስገባ፣ ሲቪዬን በቴሌግራም እልክልሃለሁ።» ቡድኑ ተቋቋመ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ኢኮኖሚስቱ መጠይቁን ያስሞላል፣ የአፈር ባለሙያው አፈሩን በፌስታል ቋጥሮ ይመለሳል፣ ሶሲዮሎጂስቷ የቡድን ውይይቷን ትቀዳለች። ሪፖርቱ ላይ ምዕራፎቹ ጎን ለጎን ይጠረዛሉ፤ እርስ በርስ ግን አይተዋወቁም።

ሰዎቹን ሰነፎች ብዬ አላማም። አንድ ረዳት ፕሮፌሰር ለዕድገት ሲያመለክት የሚታይለት ሕትመት ነው፤ አምስት ስም ባለበት ጽሑፍ ላይ ደግሞ አምስተኛው ስም የሚያወጣው ነጥብ ኢምንት ነው። ስለዚህ ሁሉም የራሱን ምዕራፍ ቆርጦ ለራሱ ጆርናል ይልካል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ይላል፣ የዕድገት ኮሚቴው ግን ወረቀት ይቆጥራል።

ዋናው ነገር የቀን መቁጠሪያው ነው፤ ይህን ውጭ ያለ ሰው አያውቀውም። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። ግምገማው፣ ማሻሻያው፣ ውሉ፣ የሴኔቱ ፊርማ ሲደራረብ ገንዘቡ የሚለቀቀው ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። መኪና ወረፋ አለው፣ ነዳጅም እንዲሁ። ተመራማሪው መንገድ የሚነሳው ግንቦት ላይ ይሆናል። ፋይናንስ ደግሞ ከሰኔ 30 በፊት ደረሰኝ ካልቀረበ ገንዘቡ ተመላሽ ነው እያለ ይደውላል።

ጋምቤላ ውስጥ ግንቦት ዝናቡ የሚገባበት ወር ነው። ፑኝዶ ከክልሉ ከተማ ወደ ደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ግድም ርቃ፣ በአኙዋክ ዞን ጎግ ወረዳ፣ ከጊሎ ወንዝ አጠገብ ትገኛለች። ጭቃው ከጀመረ ላንድክሩዘሩ እንኳ ሹፌሩን ያስምላል። በዚያ ላይ አኙዋኮች በቆሎ የሚዘሩት በዝናብ ብቻ አይደለም፤ ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ ጥሎት በሚሄደው እርጥብ ደለል ላይም በበጋ ይዘራሉ። በሰኔ መጠይቅ ይዞ የደረሰ ሰው ይህን ማሳ አያየውም፤ ውኃ ሥር ነው ወይም ገና ውኃውን እየጠበቀ ነው። እና ሪፖርቱ «አርሶ አደሩ በዓመት አንዴ ያመርታል» ብሎ ይጽፋል። ቀጥሎም የመስኖ ፓምፕ ይመከራል።

ይህ ትንሽ ስህተት እንዳይመስላችሁ። ወደ ፑኝዶ ስትሄዱ የምታልፏት አቦቦ አጠገብ የአልዌሮ ግድብ አለ፤ በደርግ ዘመን በሶቪየቶች እርዳታ ተሠርቶ፣ ውኃው ለዓመታት ያለ እርሻ ተኛ። ኋላ የሼህ መሐመድ አል አሙዲ ሳዑዲ ስታር 10 ሺ ሄክታር ይዞ ሩዝ ሊያመርትበት መጣ። ኢታንግ አቅራቢያ ደግሞ የሕንዱ ኩባንያ ካሩቱሪ በ2010 እ.ኤ.አ. 100 ሺ ሄክታር ተፈራረመ፤ በቀጣዩ ዓመት የባሮ ወንዝ ሞልቶ በቆሎውን ጠራርጎ ወሰደው፣ ውሉም በ2015 እ.ኤ.አ. ተሰረዘ። ባሮ በክረምት ሜዳውን እንደሚያለብሰው ለማወቅ የዳርቻውን ሽማግሌዎች መጠየቅ ይበቃ ነበር። ለነገሩ የአኙዋክና የኑዌርን ኑሮ ከወንዙ ጋር አያይዘው የጻፉ ምሁራን ጠፍተው አያውቁም፤ የደረጀ ፈይሳ መጽሐፍ እንኳ በ2011 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ችግሩ አንትሮፖሎጂው የሚነበበው አንድ ፎቅ ላይ፣ ሃይድሮሎጂው የሚነበበው ሌላ ፎቅ ላይ መሆኑ ነው።

ፑኝዶ ደግሞ ለጥምር ጥያቄ የተፈጠረች ቦታ ናት። የመጀመሪያዎቹ የሱዳን ስደተኞች የሰፈሩት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መገባደጃ ነው፤ ደርግ ሲወድቅ በጊሎ በኩል ተሻግረው ወጡ፣ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስደተኞች ጣቢያው እንደገና ሞላ። በ1999ኙ ቆጠራ የመላው ክልል ሕዝብ 307 ሺ ነበር፤ በኋላ በጋምቤላ የተጠለሉት ስደተኞች ብቻ ከ300 ሺ አልፈዋል። የራሽን ማሽላ ገበያ ሲወጣ የአገሬው በቆሎ ዋጋ ምን ይሆናል? ማገዶው ከየት ይለቀማል? የታታ ሐይቅ ዓሣ ስንት ገዥ ይችላል? አንዱን ከሌላው ነጥሎ የሚመልስ ትምህርት ክፍል የለም።

ዓለም ላይ እንዲህ ያለውን ጥምር ጥናት እንደ ሥራ የያዙ አሉ። በ1982 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኦክስፎርድ የስደተኞች ጥናት ማዕከል የስደተኛውን ኢኮኖሚ አዲስ አበባና ዶሎ አዶ ድረስ መጥቶ አጥንቷል፣ መጠይቁንም ስደተኞቹን ራሳቸውን አሠልጥኖ አስሞልቷል። እኛ ዘንድም ጅማ ዩኒቨርሲቲ በጊልገል ጊቤ የመስክ ጥናት ጣቢያው አንድን አካባቢ ለዓመታት ሲከታተል ቆይቷል። ልዩነቱ መቆየት ነው፤ ያው ቤተሰብ በበጋም በክረምትም ይጠየቃል። የእኛ ቢሮ አበል የሚከፍለው ግን ለጉዞ እንጂ ለመቀመጥ አይደለም።

ባለፈው ስብሰባ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ጥሪው በሚያዝያ ይውጣ፣ ገንዘቡ በመስከረም እጅ ይግባ፣ የመጀመሪያው ጉዞ ኅዳር ላይ ውኃው ሲሸሽ ይሁን፣ ውሉም የሦስት ዓመት ይሁን። የምርምሩ ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። የፋይናንሱ ኃላፊ መነጽሩን አውልቆ፣ «የሦስት ዓመት ውል በየትኛው የበጀት ኮድ ነው የምይዝልህ?» አለኝ። ኮዱን እየፈለግን ነው፤ የዘንድሮው የፑኝዶ ቡድን ግን ግንቦት ላይ መኪና ይዟል።