በ፲፩ ሰዓት ስለ ተጠሩት ሠራተኞች፤ በእርጅና ጊዜ ስለሚገኝ የኅሊና ዕረፍት የተጻፈ ሐተታ



ጌታችን ስለ ወይን ቦታ ባለቤት የመሰለው ምሳሌ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ ፳ ተጽፎ ይገኛል። ባለቤቱ በነግህ ወጥቶ ለቀኑ አንድ ዲናር ሊሰጣቸው ተስማምቶ ሠራተኞችን ወደ ወይኑ ሰደደ፤ በ፫፥ በ፮፥ በ፱ ሰዓትም እንዲሁ አደረገ፤ በ፲፩ ሰዓት ደግሞ ወጥቶ ሥራ አጥተው የቆሙትን ላካቸው። በመሸም ጊዜ ከኋለኞቹ ጀምሮ ለሁሉም እኩል አንድ አንድ ዲናር ተከፈላቸው።

ሐተታ፤ ነግህ ዘመነ አዳም፥ ፫ ሰዓት ዘመነ ኖኅ፥ ፮ ሰዓት ዘመነ አብርሃም፥ ፱ ሰዓት ዘመነ ሙሴ፥ ፲፩ ሰዓት ዘመነ ክርስቶስ ነው። አንድም ነግህ ሕፃንነት፥ ፫ ሰዓት ወጣትነት፥ ፮ ሰዓት ጕልማስነት፥ ፱ ሰዓት ሽምግልና፥ ፲፩ ሰዓት እርጅና ነው። የዛሬው ነገራችን በዚህ በኋለኛው ፍቺ ነው። ፲፩ ሰዓት ማለት ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ነውና፥ ጕልበቱ ደክሞ፥ ከሠራው ይልቅ ያልሠራው የሚታየውን ሰው ይመስላል።

እነዚያ ሰዎች ስለ መቆማቸው ቢጠየቁ የሚቀጥራቸው እንዳጡ ተናገሩ እንጂ፥ ተጠርተው እንቢ እንዳሉ አልተናገሩም። ስለዚህ በነግህ የተጠራ ሰው ይህን ሰምቶ እስከ ማታ ልቆይ ቢል ምሳሌው አይረዳውም። በማታ ለሚመጣ ዋጋ ተስፋ ተሰጥቷል፤ እስከ ማታ ለመኖር ግን ዋስ የተሰጠው የለም። ተጠርቶ እንቢ ብሎ ያረጀ ሰውስ ምን ተስፋ አለው ቢሉ፥ በዚያው ወንጌል በምዕራፍ ፳፩ አባቱን እንቢ ብሎ በኋላ ተጸጽቶ ወደ ወይኑ የሄደው ልጅ ምሳሌ ይሆነዋል።

የነግህ ሠራተኞች በባለቤቱ ላይ እንዳጕረመረሙ እናውቃለን። የ፲፩ ሰዓቱ ሰው ግን በልቡ የሚያጕረመርመው ሌላ ማጕረምረም አለው፤ ይህ ዲናር አይገባኝም፥ ዕድሜዬን በከንቱ ፈጅቼ ምን ፊት ይዤ እቀበላለሁ ይላል። ይህ ነገር ትሕትና ይመስላል። ነገር ግን ባለቤቱ ፈቅዶ የሰጠውን አልወስድም ማለት፥ ከባለቤቱ ፍርድ በላይ የራስን ፍርድ ማስቀመጥ ነው።

ይህንንም በሁለቱ ሐዋርያት እናስተውል። ይሁዳም ተጸጸተ፤ በደሉን ተናገረ፥ ፴ውንም ብር መለሰ፤ ነገር ግን በራሱ ላይ ራሱ ፈርዶ በገመድ ሞተ። ጴጥሮስም ሦስት ጊዜ ክዶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ፤ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ጌታ ሦስት ጊዜ ጠይቆ መንጋውን በሰጠው ጊዜ ግን የካድሁ ነኝና አይገባኝም ብሎ አልመለሰም፤ ተቀበለ።

ኅሊና ያርፋል ማለት ግን ካሣ ይቀራል ማለት አይደለም። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ የገንዘቡን እኩሌታ ለድሆች፥ የቀማውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። ፍርድ ያጋደለ ዳኛ፥ የድሀ ርስት የነጠቀ ባለሥልጣን፥ በዕንባው ብቻ አይረፍ፤ ለተበደለው ይመልስ፤ እርሱ ቢሞት ለልጆቹ፥ እነርሱም ቢታጡ ለድሆች ይስጥ። መመለስ የሚቻለውን ሳይመልሱ ዕረፍት መሻት ኅሊናን ማስተኛት ነው።

ሊመለስ የማይቻለውስ እንዴት ይሁን? በ፬ኛው መቶ ዓመት በግብፅ ወንበዴ የነበረው፥ በኋላም በአስቄጥስ መንኵሶ ለቅስና የበቃው አባ ሙሴ ጸሊም ይህን አስተምሮናል። በአንድ በበደለ ወንድም ላይ ለመፍረድ ቢጠሩት፥ በቀዳዳ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው አዝሎ መጣ። ምንድር ነው ቢሉት፥ የራሱ ኃጢአት በኋላው እየፈሰሰ እርሱ በሌላው ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው፤ እነርሱም ያን ወንድም ማሩት። አባ ሙሴ አሸዋውን አልሸሸገም፥ በአሸዋውም ክብደት አልወደቀም፤ የበደሉ መታሰቢያ ለሌላው ምሕረት ሆነ።

ይህን የምጽፍ እኔም ዐምሳ ዓመት ያለፈኝ ነኝ። በወጣትነቴ ንባብ ሳስተምር፥ ትምህርት የከበደውን አንድ ሕፃን በቍጣ መትቼ ከጉባኤ አባረርሁት። በኋላ ተጸጽቼ ብፈልገው የገባበት ጠፋኝ። ንስሐ ገብቼ ቀኖናዬን ፈጸምሁ፤ ሆኖም ለቅዳሴ በቆምሁ ቍጥር ፊቱ ይታየኝ ነበርና፥ ያንኑ በደል ብዙ ጊዜ ደጋግሜ ተናዘዝሁ። አንድ ቀን የንስሐ አባቴ፥ «ልጄ፥ እግዚአብሔር የፈታውን አንተ ስለ ምን ታስራለህ? ለዚያ ልጅ የነፈግኸውን ትዕግሥት ዛሬ በፊትህ ለተቀመጠው ስጥ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ፊደል የሚጠፋው ተማሪ ሲገጥመኝ እታገሣለሁ። የዚያ ልጅ ፊት ዛሬም ይመጣል፤ ነገር ግን ከመክሰስ ይልቅ ትዕግሥትን ያሳስበኛል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ፀሐይህ ቢያዘነብል ቀኑ አለቀ አትበል። የቀረችህን አንዲት ሰዓት ያለፉትን ዐሥራ አንዱን በማልቀስ ብቻ አትጨርሳት፤ ወደ ወይኑ ገብተህ ሥራባት፤ ማታም ባለቤቱ ሲጠራህ እጅህን ዘርግተህ ዲናርህን ተቀበል።